አንዲት ልጅ አሜሪካ ስትገባ ከኡካ ማን ይከተላታል?

በኢሉባቦር፣ በኡካም ሆነ በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በያዮ፣ ከአንድ ቤት አንዲት ልጅ አሜሪካ ስትገባ ጎረቤቱ ሒሳብ የሚሠራው ለቤቱ ሁሉ ነው። «ሲቲዝን ትሁን እንጂ አንድም ሰው እዚህ አይቀርም» ይባላል። ንግግሩ እንደ ምርቃት ነው፤ መዘዙ ግን ከባድ ነው። የቡና መሬቱን የሚሸጥ አለ። እጮኛውን «ትንሽ ታገሺኝ» እያለ ዓመታት የሚያሳልፍ አለ። ኮሌጅ ገብቶ «ዞሮ ዞሮ ልሄድ ነው» ብሎ ያቋረጠም አለ። ተስፋው ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይጋለጥ ነበር። ግማሹ እውነት ስለሆነ ግን ሰውን አሥራ አምስት ዓመት ያስጠብቃል።

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቤተሰብን አንድ ላይ አይመዝንም። የሚመዝነው በሁለት ሰዎች መካከል ያለችን አንዲት የዝምድና መስመር ነው፤ አንዱ ጫፍ እዚያ፣ ሌላው ጫፍ እዚህ። እያንዳንዷ መስመር የራሷ ፍጥነት፣ የራሷ ቅድመ ሁኔታና የራሷ መበጠሻ አላት። የእናት መስመር ፈጣን ነው፤ የወንድም መስመር ቀርፋፋ ነው፤ የአክስት፣ የአጎት፣ የአያትና የአማች መስመር ጭራሽ የለም። ማን ለማን፣ መቼና በምን ቅደም ተከተል ፎርም እንደሚሞላ ያወቀ ቤት ዕድሉን በሙሉ ይጠቀምበታል። ያላወቀው ደግሞ ሕጉ የሰጠውን እንኳ ያባክናል።

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ቤት እናስብ። ምሳሌ ነው፤ ግን በኢሉባቦር ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት ያላየ ሰው የለም። አባትና እናት በኡካ ቡና አምርተው ይኖራሉ። የልጆቹ ታላቅ ሴት ናት፤ ዲቪ ደርሷት በ2009 ዓ.ም. ሄዳለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ወንድሟ አግብቶ የ8 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉት። ሦስተኛዋ እህት 23 ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ የታጨችለት ግን አለ። የመጨረሻው ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ከእነሱ ጋር የአባትየው ሟች ወንድም ልጅ አለ፤ ከ5 ዓመቱ ጀምሮ በዚህ ቤት ያደገና «አባዬ፣ እማዬ» የሚላቸው፣ አሁን 14 ዓመት የሞላው። ታላቅየዋ ሲቲዝን የሆነችበት ሳምንት ነው እንበል፤ ዕድሜዎቹም የዚያን ሳምንት ናቸው።

እስከዚያ ሳምንት ድረስ በእጇ የነበረው መብት ጠባብ ነበር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፎርም መሙላት የሚችለው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው። ለእናት አይችልም፤ ለአባትም፣ ለወንድምም፣ ለእህትም አይችልም። በሄደች በሁለተኛው ዓመት «እናትሽን ረሳሻት?» ተብላ የተወቀሰች ልጅ ካለች፣ ወቀሳው ያለ አግባብ ነበር። በዲቪ የገባ ሰው ለዜግነት ለማመልከት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ነዋሪ ሆኖ መቆየት አለበት፤ አሜሪካዊ ዜጋ አግብቶ አብሮ ከኖረ ሦስት ዓመት ይበቃዋል።

ዲቪን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ቤት የሚፈርሰው ገና ዕጣው ሲሞላ ነው። አመልካቹ የትዳር ጓደኛውንና 21 ዓመት ያልሞላቸውን ያላገቡ ልጆቹን በሙሉ፣ አብረውት ባይሄዱም እንኳ፣ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። «ነጠላ ነኝ ብል ይቀለኛል» ብሎ ሚስቱን የደበቀ ሰው ዕጣው ቢደርሰው በኢንተርቪው ጊዜ ሊሰረዝ ይችላል። ሳይታወቅበት ቢያልፍም፣ በኋላ ለዚያችው ሚስት ፎርም ሲሞላ የሰጠው ቃል ከፊቱ ይቀርባል።

አሁን ሲቲዝን ሆናለች፤ ዕድሜዋም ከ21 በላይ ነው። ያኔ ሁለት በሮች ይከፈቱላታል። የመጀመሪያው «የቅርብ ዘመድ» የሚባለው ነው፦ የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ 21 ዓመት ያልሞላቸው ያላገቡ ልጆች፣ እና ወላጆች። ለእነዚህ በዓመት ይህን ያህል ብቻ የሚል ገደብ የለም። ወረፋ ስለሌለ የሚጠበቀው የወረቀቱ ሥራ እስኪያልቅ ብቻ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። እናትና አባት በዚህ በር ያልፋሉ።

ሰው ሁሉ የሚደነግጠው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። በዚህ ፈጣን በር የሚያልፍ ሰው ማንንም አስከትሎ አይሄድም። ለአባት አንድ ፎርም፣ ለእናት ሌላ ፎርም ይሞላል፤ የ16 ዓመቱ ልጅ ግን በእናቱ ፋይል ላይ ሊጨመር አይችልም። «ገና ሕፃን ነው፤ እናቱ ስትሄድ እንዴት ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ መልስ የማያስፈልገው ነው። ሕጉ ግን የሚያየው ልጁ ለታላቅ እህቱ ምኗ እንደሆነ ነው፤ ወንድሟ ነው። ወንድም ደግሞ የሚያልፈው በሌላኛው በር ነው። እናትና አባት ቪዛቸውን ይዘው ቦሌ ሲደርሱ ልጁ አያቱ ቤት የቀረበትን ሁኔታ ያየ ሰው፣ ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ቢኖር ኖሮ ብሎ ይቆጫል።

ሁለተኛው በር የወረፋ በር ነው። አሁን የሚሠራባቸው ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ያስቀመጣቸው ናቸው። በዓመት ለዜጎች ያላገቡ ከ21 ዓመት በላይ ልጆች 23,400፤ ግሪን ካርድ ላላቸው ሰዎች ባሎች፣ ሚስቶችና ያላገቡ ልጆች 114,200፤ ለዜጎች ያገቡ ልጆች 23,400፤ ለዜጎች ወንድሞችና እህቶች 65,000 ቪዛ ተመድቧል። ይህ ለዓለም ሁሉ ነው። ከአንድ አገር የሚመጣው ደግሞ ከ7 በመቶ ማለፍ የለበትም። ሜክሲኮና ፊሊፒንስን የመሳሰሉ አገሮች በዚህ ገደብ ምክንያት የባሰ ወረፋ አለባቸው። ኢትዮጵያ በአጠቃላዩ ወረፋ ውስጥ ናት፤ አጠቃላዩ ራሱ ግን ረጅም ነው። 65,000 ሲባል 65,000 ወንድምና እህት ማለትም አይደለም፤ አብረዋቸው የሚሄዱት ሚስቶች፣ ባሎችና ልጆች ከዚሁ ቁጥር ላይ ይቆጠራሉ። አንድ ወንድም ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሲሄድ አምስት ቪዛ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 በየወሩ በወጡት የወረፋ ሰሌዳዎች ላይ ተራቸው የደረሰው ወንድሞችና እህቶች እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ገደማ ፎርም የተሞላላቸው ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት ማለት ነው፤ ዛሬ የሚገባው ሰው ከዚያ ያነሰ ይጠብቃል ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለም።

የወንድምና የእህት መደብ ይቅር የሚል ሐሳብም ደጋግሞ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ሴኔት ያጸደቀው ረቂቅ መደቡን የሚያስቀር ነበር፤ በሌላው ምክር ቤት ስላላለፈ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ ታላቅየዋ ሲቲዝን በሆነችበት ሳምንት ለሦስቱም፣ ለወንድሟ፣ ለእህቷና ለመጨረሻው ልጅ፣ ፎርሙን ብታስገባ ይበጃል። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፎርም ነው። «ወላጆቼ ይግቡና ቀጥሎ አያለሁ» ያለ ሰው የዘገየበትን ያህል ከወረፋው ጀርባ ይቆማል፤ ወረፋው የሚቆጠረው ፎርሙ ከገባበት ቀን ነው።

ለመጨረሻው ልጅና ለሦስተኛዋ እህት ግን አንድ ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ቤት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ግሪን ካርድ ይዞ አሜሪካ ሲገባ፣ ላላገቡ ልጆቹ በራሱ ስም ፎርም መሙላት ይችላል። 21 ላልሞላው ልጅ ይህ ወረፋ በቅርብ ጊዜ ሰሌዳዎች ሲታይ የሦስት ዓመት ገደማ ነው። ከ21 በላይ ላለችው ላላገባች ልጅ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው። ከአሥራ ሰባቱ ጋር ሲነጻጸር ሁለቱም አጭር ናቸው። አንድ ሰው በሁለት ፋይል መጠበቅም ይችላል፤ ከእህቱም ከአባቱም የገባለት ፎርም አይጋጭም።

ሁለቱ ፋይሎች ግን ትዳርን በተመለከተ ተቃራኒ ሕግ አላቸው። ግሪን ካርድ ያለው አባት ላላገባች ልጁ የከፈተው ፋይል፣ ልጅቱ ባገባች ቀን ይሞታል። አይተላለፍም፤ አይቆይም፤ ብትፈታም ያው ፋይል አይነሣም። እህቷ የከፈተችው ፋይል ግን በጋብቻ አይነካም። በወንድምና በእህት መደብ የሚጠብቅ ሰው ማግባት፣ መውለድ ይችላል፤ ተራው ሲደርስ ባሉ ወይም ሚስቱና 21 ያልሞላቸው ልጆቹ አብረውት ይሄዳሉ። በኢሉባቦር ከተሞች በእህታቸው ፋይል ብቻ እየጠበቁ «ካገባሁ ይቃጠልብኛል» ብለው ሠላሳዎቹን የተሻገሩ ሴቶችና ወንዶች አሉ። ማንም ያልከለከላቸውን ነገር ራሳቸውን ከልክለዋል። ይህን አንድ ነገር ብቻ አውቀው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤታቸው በልጆች ይሞላ ነበር፤ ልጆቹም የማይሄዱ አልነበሩም።

ስለዚህ የ23 ዓመቷ እህት ምርጫዋ ግልጽ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። ሳታገባ ብትቆይ በአባቷ በኩል በዘጠኝ ዓመት ገደማ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ትሄዳለች። ብታገባ በእህቷ በኩል፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር፣ በአርባ ዓመቷ ግድም ትሄዳለች። ሌላም አለ። አባትየው እየኖረ ሲቲዝን ቢሆንና እሷ ከዚያ በኋላ ብታገባ፣ ፋይሉ አይሞትም፤ ወደ «የዜጋ ያገባ ልጅ» መደብ ይዛወራል። ሰርጉ ከአባቷ ዜግነት ቢቀድም ግን ይሞታል። እኔ ምክር ብጠየቅ፣ ዕድሜዋን ለወረፋ አሳልፋ እንዳትሰጥ እላለሁ። ሕጉ የሚያውቃት እንደ መስመር ጫፍ ነው፤ ሕይወቷን የምታውቀው እሷ ናት።

ያገባው ወንድም አባቱ ሲቲዝን እስኪሆን ድረስ በአባቱ በኩል ምንም መንገድ የለውም፤ ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ላገባ ልጅ መሙላት አይችልም። የቀረው የእህቱ ፋይል ነው። ፎርሙ ሲሞላ ሦስት ዓመት የነበረው ልጁ ተራው ሲደርስ ሃያ ይሆናል፤ አብሮ ይሄዳል። ስምንት ዓመት የነበረው ግን ሃያ አምስት ይሆናል፤ ሲታይ አልፎበታል። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቀው ሕግ ይገባል። ተራው በደረሰበት ቀን ካለው ዕድሜ ላይ፣ ፎርሙ ሳይወሰን መሥሪያ ቤቱ ዘንድ የቆየበት ጊዜ ይቀነሳል። ፎርሙ ለመጽደቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶ ከሆነ 25 ሲቀነስ 6፣ 19 ይሆናል፤ ልጁ ሳያገባ ከቆየና በአንድ ዓመት ውስጥ ቪዛውን ለማግኘት ከተንቀሳቀሰ ይሄዳል። ሁሉም የሚያማርረው የመሥሪያ ቤቱ መዘግየት እዚህ ላይ ልጁን ያድነዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ጸድቆ ከሆነ ግን 24 ነው፤ ይቀራል። ከወረፋ ብዛት መቆየትና ፎርሙ ሳይጸድቅ መቆየት የተለያዩ ናቸው፤ የሚቀነሰው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ዕድሜ እንዲህ በወራት በሚቆረጥበት ጉዳይ የቀን መቁጠሪያችን ራሱ አደጋ ይሆናል። ጥቅምት 10 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 21 ቀን 2003 ነው። አንድ ጸሐፊ እንደ ልማዱ ስምንት ዓመት ደምሮ 2004 ብሎ ከጻፈ ልጁ አንድ ዓመት ታናሽ ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። የልደት ማስረጃው 2004፣ የትምህርት ቤት ማስረጃው 2003 ሲል ጠያቂው ቆንስል የሚያየው ስህተት ሳይሆን ዕድሜ መቀነስን ነው።

ወደ አባትየው ሟች ወንድም ልጅ እንምጣ። በዚህ ቤት ውስጥ ከማንም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ ጥልቅ ነገር ነው፤ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ የእንጀራ ልጅ ወይም ማደጎ ተብሎ አይለይም፤ ልጅ ነው። ከወሎና ከትግራይ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወደ ኢሉባቦር መጥተው የሰፈሩ ሰዎችም፣ በመንገድና በበሽታ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ልጆች እንዲሁ ያለ ወረቀት አሳድገዋል። ፍርድ ቤት መሄድ ማንም አላሰበም፤ ለምን ብሎ ያስባል? የአሜሪካ ሕግ ግን የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ የሚባል መደብ የለውም። ልጁ እንደ ልጅ እንዲቆጠር ጉዲፈቻው 16 ዓመት ሳይሞላው በፍርድ ቤት መጽደቅ፣ አሳዳጊው ሁለት ዓመት በሕግ አሳዳጊነት መያዝና ሁለት ዓመት አብሮት መኖር አለበት። አብሮ የኖረበት ዘጠኝ ዓመት ይቆጠራል፤ የሕግ አሳዳጊነቱ ግን የሚቆጠረው ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጀምሮ ነው። የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ቢሆን ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ይጠይቃል። ልጁ 14 ነው። ሁለት ዓመት አለው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ ቢያጸድቅም ለአሜሪካው ጉዳይ አይረዳውም።

ታላቅየዋ ራሷ ልታሳድገው አትችልም ወይ የሚል ይኖራል። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ማሻሻያ የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ መውሰዳቸውን አስቀርቷል፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ እሷም አሁን በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ናት። የሚቀረው አጎትና አክስቱ እዚሁ እያሉ፣ በእውነት ያሳደጉትን ልጅ በእውነት ልጃቸው ማድረጋቸው ነው። ይህ ሲደረግ ዋጋ አለው፤ በጉዲፈቻ ተቆጥሮ አሜሪካ የገባ ልጅ በኋላ ለወላጅ እናቱ ፎርም መሙላት አይችልም። እናቱ በሕይወት ካለች ይህን አውቃ መስማማት አለባት።

አንዳንዱ ቤት ደግሞ አቋራጭ ይፈልጋል፤ የወንድምን ልጅ የራስ ልጅ አድርጎ የልደት ማስረጃ ማውጣት። ስለዚህ ጉዳይ ማወቅ ያለብን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ለስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራም የዲኤንኤ ሙከራ አደረገ። በናይሮቢ፣ በአብዛኛው በሶማሌና በኢትዮጵያ ስደተኞች ላይ ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፋ፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመረመሩ። የተባለው ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱ ጉዳዮች ነበር። በቀሩት ቢያንስ አንድ ዝምድና ሳይገጥም ቀርቷል ወይም ሰዎቹ አልመረመርም ብለዋል። ፕሮግራሙ ለዓመታት ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲቀጥል የዲኤንኤ ማስረጃ ግዴታ ሆነ። ዝምድናቸው ካልተረጋገጠው ሰዎች ውስጥ በገንዘብ ዝምድና የገዙ እንደነበሩ አያጠራጥርም። ግን ስንቱ ያሳደገውን ልጅ «ልጄ» ያለ ሰው ነበር? ምርመራው ይህን አይለይም። ማጭበርበር ተብሎ የተመዘገበ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል፤ የሐሰት ጋብቻ ከሆነ ደግሞ ወደፊት በእውነተኛ ትዳርም ፎርም አይጸድቅለትም። «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ብሎ እውነቱን የተናገረ ሰው ቢያንስ ሌላውን መንገዱን አያጣም።

ስለ ወረቀት ብዙ አልልም፤ ሁለት ነገር ግን የአካባቢያችን ስለሆነ መነገር አለበት። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የልደት ማስረጃው ከዓመታት በኋላ የወጣ ነው፤ ለዚህም ነው ኤምባሲው የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ አንዳንዴም ዲኤንኤ የሚጠይቀው። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። በኦሮሚያ የሚወጣ ማስረጃ በቁቤ ይጻፋል፤ ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ፊደል ትጀምራለች። ፓስፖርት ላይ ግን በ«ሲኤች» የተጻፈችም አለች። ታላቅየዋ ከአሥር ዓመት በፊት በአንዱ መንገድ፣ ወንድሟ ዛሬ በሌላው ከተጻፉ፣ የአባታቸው ስም ሁለት ሰው ይመስላል። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ሲል ደግሞ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። ወንድማማችነት የሚረጋገጠው በሁለቱ የልደት ማስረጃ ላይ ያው እናትና ያው አባት ሲገኙ ነው። በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙም ወንድምና እህት ናቸው፤ ሕጉ ይቀበላቸዋል። አባት በሁለት ትዳር የወለደ ከሆነ ግን የጋብቻዎቹ ማስረጃ ይፈለጋል፤ ሁለት ሚስት በአንድ ጊዜ ያለው ሰውም የሚታወቅለት የመጀመሪያው ጋብቻ ብቻ ነው።

ስፖንሰር የሚለው ቃል ራሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አጣብቆ ይዟል። አንደኛው ፎርሙን የሚሞላው ዘመድ ነው፤ ይህ ከተዘረዘሩት ዝምድናዎች አንዱ ሊኖረው ግድ ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ዋስትና ነው፦ ፎርም የሞላው ዘመድ ገቢው የሚመጡትን ጨምሮ ለቤተሰቡ ብዛት ከተቀመጠው የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት አለበት። ካልበቃው ሌላ ሰው፣ ጓደኛም ቢሆን፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ተጨማሪ ዋስ ሊሆን ይችላል። «ዴንቨር ያለ ጓደኛዬ ስፖንሰር ያደርገኛል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ ጓደኛው ዋስ ሊሆን ይችላል፣ ቪዛውን ግን ሊያመጣ አይችልም። ዋስትናውም ከባድ ነው። የመጣው ሰው ሲቲዝን እስኪሆን ወይም የአሥር ዓመት ያህል ሥራ እስኪመዘገብለት ይጸናል፤ ፍቺ እንኳ አያወርደውም። ታላቅየዋ ለቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መፈረም የማትችል ከሆነ ንፍገት አይደለም።

ይህ ሁሉ ፎርም የሚሞላው አሜሪካ ባለው ዘመድ ነው። በመቱም ሆነ በአዲስ አበባ ወረፋውን በገንዘብ የሚያሳጥር ጉዳይ አስፈጻሚ የለም። ደግሞ ቪዛ መስጠት በፕሬዚዳንት አዋጅ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ወላጆችና ወንድም እህቶች በአዋጅ ታግደው እስከ 2021 መጀመሪያ ቆይተዋል። ስለዚህ ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለሕክምና ምርመራና ለኢንተርቪው ከመሄድ በፊት የኤምባሲውን የወቅቱን ማስታወቂያ ማየት ግድ ነው።

ልጅቱ የገባችው አሜሪካ ሳይሆን ካናዳ ቢሆን፣ በሩ በሌላ መልኩ ይጠባል። እዚያ ትዳር፣ 22 ያልሞላቸው ልጆች፣ ወላጆችና አያቶች አሉ፤ ወላጆች የሚመረጡት ግን በግብዣ ዕጣ ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድም ወይም እህት መደብ የለውም፤ የሚፈቀደው ወላጆቹ ለሞቱ፣ 18 ላልሞላው ወንድም፣ እህት፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ስፖንሰሩ ትዳር፣ ልጅ፣ ወላጅም ሆነ ሌላ የቅርብ ሰው ጭራሽ ከሌለው አንድ ዘመድ ሊያመጣ የሚችልበት ጠባብ ቀዳዳም አለ። ሲገባ ያላስመዘገበውን ሚስት ወይም ልጅ በኋላ አመጣለሁ የሚል ሰው እንደ ደንቡ ዕድሜ ልኩን ተከልክሎ ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ለአንዳንዶቹ ላላ ተደርጓል። በአውሮፓ አብዛኛው አገር ቤተሰብ ማለት ትዳርና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ወደ ኡካው ቤት ልመለስና አንድ ያልተነሣ ነገር ልጨምር። ለእናትና ለአባት የተሞሉት ፎርሞች የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱም በአንድ ቀን መሄድ የለባቸውም። አባት ቀድሞ ቢሄድና በገባበት ሳምንት ለመጨረሻው ልጅና ለሦስተኛዋ እህት ፎርም ቢሞላ፣ እናት ከ16 ዓመቱ ልጅና ከወንድም ልጅ ጋር በኡካ መቆየት ትችላለች። የእሷ ፋይል በየዓመቱ ፋይሉን ለሚይዘው የአሜሪካ የቪዛ ማዕከል መልስ እየሰጠች እንዳይዘጋ እስከጠበቀችው ድረስ ይቆይላታል። የሚሄደው ሰው ግን ግሪን ካርድ የጉብኝት ወረቀት እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። በጥቅምት ቡና ለመልቀም ተመልሶ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ሰው ካርዱን ሊያጣ ይችላል፤ ስድስት ወር ያለፈውም ጥያቄ ይጠብቀዋል። አባት ከሄደ መሬቱን ማን እንደሚይዝ፣ የጉዲፈቻውን ፋይል በፍርድ ቤት ማን እንደሚከታተል ከመሄዱ በፊት መወሰን አለበት፤ አሳዳጊ ሆኖ መፈረም ያለበት እሱ ራሱ ነውና ከቪዛው ኢንተርቪው ይልቅ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ይቅደም።